የእትዬ ቁርጭምጭሚት

የነርስነት ትምህርት ስጀምር የመድኃኒት አሰጣጥ ያስተማረችን ሴት ሳቅ የማታውቅ ነበረች። ለንደን ውስጥ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ ወዳለው ክፍላችን ትገባና ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት» ታስብለናለች፤ እኛም እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ድምፅ እንቀበላታለን። ከዚያ በኋላ ሁለት ማስጠንቀቂያ ትጨምራለች። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን መድኃኒት ተቀብላችሁ ለማንም እንዳትሰጡ። በሽተኛው ሲውጥ በዐይናችሁ ሳታዩ ደግሞ እንዳትፈርሙ። «ውጬዋለሁ ማለት መዋጥ አይደለም» ትል ነበር። ይቺ ሴትዮ ሰው የሚባል አታምንም እንዴ እያልኩ እታዘባት ነበር። አሁን ሳስበው እሷም እንደኔ አንድ አክስት ሳይኖራት አልቀረም።

የእኔዋ አክስት የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ «እትዬ» ስለምትላቸው እኔም በዚያው ቀረሁ። በደርግ ጊዜ ከአገር ወጥተው ስትሪትሃም ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ሱቆች በላይ ባለች ፍላት አርጅተዋል። አማርኛቸው በወጡበት ዘመን ላይ ቆሟል፤ ዛሬም ድረስ ግፊት አይሉም፣ ደም ብዛት ነው የሚሉት። እኔን ከአዲስ አበባ ያስመጡኝ፣ አልጋቸውን ለቀውልኝ ሶፋ ላይ የተኙ፣ «ነርስ ሁኚ፤ ሰው መታመሙን ስለማይተው ሥራ አታጪም» እያሉ አፕላይ እስካደርግ ድረስ የጨቀጨቁኝ እሳቸው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ውለታቸውን የማላውቅ እንዳይመስል ነው። አውቃለሁ። የተቃጠልኩትም ስለማውቅ ነው።

እትዬ ደም ብዛት ስላለባቸው በየቀኑ የሚውጡት ክኒን አለ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ የቀኖቹ ስም በክዳኑ ላይ በተጻፈበት ሳጥን ውስጥ የምደረድርላቸው እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ትምህርቴን መለማመጃ አድርጌያቸው ነው።

«ሙሉ ስምዎንና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ» እላቸዋለሁ፣ ኮስተር ብዬ።

«ስሜን ታውቂዋለሽ። የተወለድኩበትን ቀን ኢሚግሬሽንን ጠይቂ፤ እነሱ ናቸው የሰጡኝ።»

«መድኃኒት የማይስማማዎት አለ?»

«መድኃኒቱስ ይስማማኛል። የማይስማማኝ ጥያቄ የምታበዛ ልጅ ናት።»

ስቀን ስንጨርስ ሳጥኑን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። በሳምንቱ ስከፍተው ሰኞም ባዶ፣ ማክሰኞም ባዶ፣ እስከ እሑድ ድረስ ጥርግ ብሏል። ባዶ ሳጥን የተዋጠ ክኒን ነው ብዬ አምኜ ነበር። ክፍል ውስጥም እጄን አውጥቼ «እኔ አክስቴን እረዳለሁ፤ አንድም ቀን አዛንፈው አያውቁም» ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። መምህሯ ለረጅም ጊዜ አየችኝና ወደ ሌላ ተማሪ ዞረች።

ነገር ግን የእትዬ ግፊት አልወርድ አለ። ወደ ጂፒያቸው፣ ወደ ሰፈር ሐኪማቸው ማለት ነው፣ አብሬያቸው የምሄደው አስተርጓሚ ሆኜ ነው፤ እንግሊዝኛ ሲፈልጉ አሳምረው እንደሚሰሙ እኔም ሐኪሙም እናውቃለን። ሐኪሙ ክንዳቸው ላይ ያሰረውን የግፊት መለኪያ እየፈታ ራሱን ይነቀንቅና፣ «መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል።

«በእጄ የምሞላላቸው እኔ ነኝ። የነርስ ተማሪ ነኝ» እለዋለሁ።

እሱም አመነኝ። አምሎዲፒን የሚባለውን፣ የደም ሥርን የሚያላላውን ክኒን እጥፍ አደረገው። አሁንም አልወርድ ሲል ሌላ ዓይነት ጨመረበት። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይሰማሉ፤ በተጨመረላቸው ቁጥር «ተመስገን» ይላሉ። ክኒን ተጨመረልኝ ብሎ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው አይቼ ስለማላውቅ በእምነታቸው ተደነቅሁ።

በዚያ ዓመት ለገና እናቴን ላያት አዲስ አበባ ሄድኩ። በእትዬ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ማን ሊሄድ ነው?» የሚል ነው። ሊሄድ ነው የተባለ ሰው ሻንጣው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሱ አይደለም፤ የአንዷ ጫማ፣ የሌላዋ የሕፃን ወተት፣ የአንዱ አሮጌ ስልክ ይሞላበታል። እትዬም አንድ የቪታሚን ብልቃጥ በካልሲ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ለእናትሽ ነው፣ ለአጥንቷ» አሉኝ። ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል።

«ምነው እንዲህ አሸጉት?»

«እንዳይፈስ ነዋ! ሻንጣ እንዴት እንደሚወረውሩ አታውቂም?»

ተቀበልኩ። ቦሌ ወርጄ ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ብልቃጡን ከካልሲው አውጥታ ሳመችውና ግንባሯን አስነካችው። «ቪታሚን እኮ ነው፣ ታቦት አደረግሽው» ብዬ ሳቅሁባት። እሷም አብራኝ ሳቀች።

ከፋሲካ በኋላ የእናቴ እግር ማበጥ ጀመረ። በቪዲዮ ስንነጋገር ስልኩን ወደ ታች አዙራ አሳየችኝ፤ ቁርጭምጭሚቷ ጠፍቷል፣ በአውራ ጣቷ ስትጫነው ደግሞ ጎድጉዶ ይቀራል። ጫማዋ አልገባ ስላላት የሟቹን አባቴን ነጠላ ጫማ ነበር የምታደርገው። ደነገጥኩ። የልብ ድካም፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ከመጽሐፍ ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አልኳት፤ እብጠት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸ ነው።

«ምን መድኃኒት? ደህና ነኝ እኮ!»

ክሊኒክ ሂጂ፣ ጨው ቀንሺ፣ ስትተኚ እግርሽን ትራስ ላይ ስቀዪው አልኳት። እሺ አለች። በሚቀጥለው ስትደውል እብጠቱ ብሶ ነበር። እኔ የሰው እናት እግር እያጠብኩ የራሴ እናት በሺህ የሚቆጠር ማይል ርቀት ላይ ልትሞትብኝ ነው ብዬ አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ አጠገቤ ቆመው ነበር። መሃረብ አቀበሉኝ፤ ትከሻዬን እያሻሹ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ዛሬም ሳስታውሰው የሚያንገበግበኝ ያ መሃረብ ነው።

በመጸው እትዬ ክላፋም ላይ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አዳለጣቸውና የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታሉ በቀዶ ጥገና መጠገን አለበት አለ፤ ግፊታቸው ግን ለማደንዘዣ እጅግ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ድካም የበላት። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እኔም ያንኑ መልስ በኩራት ሰጠኋት። «ይህን ሁሉ እየወሰዱ ግፊቱ እዚህ ከደረሰ እንግዲህ የሚያስቸግር ዓይነት ነው» አለችና አንድ ሌላ መድኃኒት ጨመረች።

የተኙበት ዋርድ ነርስ ክኒኖቹን በትንሽ ኩባያ አድርጋ ከውሃ ጋር አመጣች። ስም ጠየቀች፣ የልደት ቀን ጠየቀች፣ የእጅ አምባራቸውን አነበበች። እንደተማርነው ቁጭ። እትዬ ወደ ኩባያው ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ይኼ ሁሉ ለእኔ ነው?»

«ቤት የሚውጡት እኮ ነው፣ አንዷ ብቻ ናት አዲስ» አልኳቸው።

ዐይናቸው ላይ ፍርሃት አየሁ። ቀዶ ጥገናውን ፈርተው ነው ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቼ እወስደዋለሁ፣ እዚያ አስቀምጪው ብለው በእንግሊዝኛ ለነርሷ ነገሯት። ነርሷ ፈገግ ብላ ባለችበት ቆመች። እትዬ አማተቡና አንድ በአንድ ዋጧቸው። እኔ አጠገባቸው ሆኜ «ጎበዝ» እያልኩ ነበር።

በማግስቱ ስመጣ የአልጋቸው መጋረጃ ተዘግቷል። ጠዋት የተሰጣቸውን ከዋጡ በኋላ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፤ ግንባራቸው ተሰፍቷል፣ ግፊታቸው ከማሽኑ ላይ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሁለቱም እግራቸው በትራስ ከፍ ተደርጎ፣ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ የመሰለ ነገር ይንጠባጠባል። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ልናጣቸው ነበር» አለችኝ ነርሷ፤ ቀስ ብላ ነው ያለችኝ፣ እኔም የሙያው ሰው ስለሆንኩ ማክበሯ ነው።

ሐኪሟ መጣች። እነዚህ መድኃኒቶች ላልለመዳቸው ሰው በትንሹ ተጀምረው ቀስ እየተባለ ነው ከፍ የሚደረጉት፤ የእትዬ ሰውነት ደግሞ ፈጽሞ እንዳልለመዳቸው ሆኗል፣ ስለዚህ አልገባኝም አለች። እየተናገረች ሳታስበው የእትዬን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። «ደግሞ ዕድለኛ ናቸው። በዚህ መጠን አምሎዲፒን የሚወስድ ብዙ ሰው እግሩ ያብጣል፤ የእሳቸው ግን ምንም የለውም።»

የእትዬን እግር አየሁት። ቀጭን፣ ደረቅ፣ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ወጣ ብሎ የሚታይ እግር ነው። አምሎዲፒን እግር እንደሚያሳብጥ ተምሬያለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ መልሼዋለሁም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያበጠው እግር ግን የእትዬ አልነበረም። መጠኑ እጥፍ የተደረገው መቼ እንደሆነ አሰብኩ፤ እናቴን ጫማዋ አልገባ ያላት መቼ እንደሆነ አሰብኩ። ከዚያ ያ የታሸገ ብልቃጥ ትዝ አለኝ።

ሐኪሟ «እመለሳለሁ» ብላ ስትወጣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ። «እትዬ፣ ለእማዬ የላኩላት ቪታሚን ምን ነበር?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ደረጃው ላይ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሰላምታም አላስቀደምኩ። «እማዬ፣ እትዬ የሚልኩልሽ ምንድን ነው?»

«ማን ነገረሽ?» አለች።

«እግርሽ ነገረኝ።»

ያኔ ሁሉንም አወጣችው። ደም ብዛት እንዳለባት ከታወቀ ቆይቷል። የሰፈሯ ክሊኒክ ያዘዘላት መድኃኒት አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። እትዬ ደግሞ «የለንደኑ የተሻለ ነው፣ ለእኔ በነጻ ይሰጡኛል» ብለው በተገኘው መንገደኛ ሁሉ መላክ ጀመሩ። «ልጅቷ ከሰማች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብለው አስማሉኝ፣ ምን ላድርግ?» አለች።

«እግርሽ ሲያብጥስ? ምን አሉሽ?»

«ደም ብዛቱ ቢበረታብሽ ነው አሉና ጨመሩልኝ። ጠዋት ብቻ የነበረውን ጠዋትና ማታ አደረግነው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ የሞላሁት ሳጥን በየቀኑ ወደ ብልቃጥ ይገለበጥ ነበር። ጂፒው በእኔ ቃል መጠኑን ከፍ ሲያደርገው ከፍ ያለው አዲስ አበባ እናቴ የምትውጠው ነው። በእኔው ሻንጣ፣ በእኔው እጅ፣ ማን እንዳዘጋጀው ያላየሁትን መድኃኒት ስም ሳይኖረው አድርሼ ለገዛ እናቴ ሰጥቻለሁ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ደግሞ የማላምናቸው ባዳዎች ቢሆኑ ምንም አልነበረም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እናቴና እትዬ፣ በዓለም ላይ ያሉኝ ሁለት ሰዎች፣ በእኔ ላይ ዶልተው ስቀውብኛል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ ነርስ በቤታቸው እያለች ምክር የጠየቁት እርስ በርሳቸው ነው።

ተመልሼ ስገባ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አንዲት ሴትዮ ብርቱካን ይዘው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ «ውይ፣ አታውቂም ነበር እንዴ? ሁላችንም እኮ እንልካለን» አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ብርቱካናቸውን አስይዤ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ጮህኩ። አንቱታዬ ሁሉ ጠፋኝ። «ብትሞቺስ? ብትሞቺ ኖሮ በማን እጅ ነበር የምትሞቺው? በእኔ! ሐኪሙ የጠየቀው እኔን ነው፣ ያመነው እኔን ነው!»

እትዬ ከግድግዳው ሳይዞሩ ተናገሩ። «እኔ ልጅ የለኝም። እሷ ግን እናትሽ ናት። ራሴን ሲያመኝ አንድ አንድ እወስድ ነበር፣ ይበቃኛል። እሷ ትኑርልሽ ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉ ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም፤ ይባስ ተናደድኩ። ሰው ሳያስፈቅድ ፍቅሩን ሲጭንብህ መናደድም ይከለከልሃል፣ ውለታ ቢስ ትባላለህ። እኔን ብሎ የሞተ ሰው ይዤ ዕድሜ ልኬን እንድኖር ወስነውልኝ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ።

ሐኪሟ ስትመለስ እትዬ በአማርኛ ቶሎ ቶሎ አሉኝ። «ትረሳ ነበር በያት። ሽማግሌ ይረሳል። በባዕድ ፊት እንዳታዋርጂኝ።»

ሐኪሟ ከንፈሬን እየጠበቀች ነው። ትረሳ ነበር ብል ያምኑኛል፤ እስካሁንም ያመኑኝ በዚሁ ነው። ማስታወሻ የሚደውል ሳጥን ይሰጧቸዋል፣ ከወር በኋላም ብልቃጡ እንደገና መሙላት ይጀምራል። «አይወስዷቸውም ነበር» አልኳት። «እያጠራቀሙ አገር ቤት ላለችው እናቴ ይልኩ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር።» የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አልኳት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ተቀመጠች፣ የእትዬን ደህናውን እጅ ያዘች፣ መድኃኒቱን ሁሉ ሰርዛ በአንዲት ትንሽ ክኒን እንደ አዲስ እንደምትጀምር በቀላል እንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ስለ እናቴም ለእኔ ነገረችኝ፤ በድንገት ማቆም የሌለባቸው አሉና ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የምትወስደውን ታሳይ አለች። እትዬ ሁሉንም ሰሙ። ስትወጣ ዐይኔን አዩኝ።

«ሸጥሽኝ» አሉ።

እኔን ነው የሚሉት! ወጥቼ ዝናብ ውስጥ እስከ ቀጣዩ ፌርማታ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

አሁን ተመርቄ ዋርድ ውስጥ እሠራለሁ። በሽተኞቼ ሲውጡ ቆሜ አያለሁ፤ የሥራ ጓደኞቼ ጥንቃቄ ነው ይሉኛል። እትዬ እጃቸው ተጠግኖ ስትሪትሃም ተመልሰዋል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጎራ እላለሁ። ክኒናቸውን ይውጡና ምላሳቸውን ጎትተው አውጥተው ያሳዩኛል፤ ሐኪም ፊት እንደሚደረገው። እንደ ቀልድ ነው የጀመርነው፣ ግን አንዳችንም አንስቅም። የኢሚግሬሽኗን ቀልድ ደግመው አውርተዋት አያውቁም።

እናቴ ክሊኒክ ሄዳ የራሷ መድኃኒት ታዘዘላት። አንድ የጎረቤት ልጅ ከየትም ብሎ እየፈለገ ያመጣላታል። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደውላ ደስ ብሏት እግሯን ወደ ካሜራው አነሳች። «ይኸው፣ እብጠቱ ሙሽሽ ብሎልሻል! የራሴን ጫማ ነው ያደረግሁት።» አዙራ አዙራ አሳየችኝ። ቆዳው ተመልሶ ደርቋል፤ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ወጣ ብሎ ይታያል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ዐይኔን ከአጥንቱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። የእትዬም እግር፣ ክኒኑን ሳይውጡት በነበረ ጊዜ፣ ልክ እንዲህ ነበር።

«የዛሬውን ወስደሻል?» አልኳት።

«ውጬዋለሁ እንጂ።»

«ነገ ከመዋጥሽ በፊት ደውዪልኝ። ስትውጪ ልየው።»

እግሯን አወረደችና ፊቷን ወደ ስልኩ አቀረበች።

«እኔን ነው የማታምኚው?» አለችኝ።

«አዎ፣ አንቺን» አልኳት።